የበር ስፋት

ሰዓት ጠጋኝ ነኝ እኔ፣ ከድንጋዩ ቅስት ሥር፤
የቆመ ነገር አውቃለሁ፣ ሳይነግሩኝ፣ ሳልቆጥር።
ሂርማታ፣ የእኛ መንገድ፣ ቆሞ ነበር።

ቀስ ብሎ ነው የቆመው፣ እንደ ደከመ ባትሪ፤
መጀመሪያ ጨርቅ ሻጩ፣ ቀጥሎ ስኳር ቸርቻሪ
ወደ አዲሱ አስፋልት ሄዱ፣ መጋዘኑን ለአይጥ ትተው።
ቦዩ በፌስታል ታፍኖ፣ ክረምት በገባ ቁጥር
አዌቱ ታናሽ ወንድሙን በየደጃችን ሲያሳድር፣
ከመግሪብ አዛን በኋላ መንገዱን ይዘውት ውሾች
ይገበያዩበት ነበር፤ ጨለማው ገዢ፣ እነሱ ሻጮች።

ሸምሲያ አባ ራያ፣ ቀለምና ሚስማር ሻጯ፣
አንድ ማክሰኞ ሰበሰበችን፣ በርጩማ ደርድራ በደጇ።
"ማዘጋጃ ቤቱን" አለች "እንጠብቅ ካላችሁ ጠብቁ፤
የእኔ ደንበኞች ግን ጭቃው ውስጥ አንድ በአንድ ሰምጠው አለቁ።
በየበራችን ስፋት እናዋጣ፤ ሰፊው በሰፊው፣
ጠባቡም በጠባቡ፤ ይቀጠር ቦዩን ጠራጊው።
መብራቱም ይመለስ። ደረሰኙን ደግሞ ይኸ ሰው ይያዘው፤
የሰው ደቂቃ ሰርቆ አያውቅም፣ ብራችንን ምን ብሎ ሊወስደው?"

ተማም ልብስ ሰፊው ሜትሩን ካንገቱ አወረደ፤
ስንት የሙሽራ ወገብ የለካ ሜትር፣ በር ለበር ሄደ።
ሁለት ከአርባ። ሦስት ሜትር። የኔ? ዘጠና ሳንቲ ሜትር፤
"በር አይደለም፣ መስኮት ነው" ብለው ሳቁ፤ ከፈልኩ ሳልከራከር።
ሐጂ ሙዘይን፣ ባለ አራት በሩ፣ ሦስቱን ቀርቅረው ሸጉጠው፣
"በሉ ለኩ!" አሉን በአራተኛው፣ አፍንጫቸውን ብቻ አውጥተው።
ለካን፤ አፍንጫቸውን ጨምረን።
አልከፈሉም።

መብራቱ የበራ ማታ ግን፣ አምፖል አድልዎ አያውቅ፣
የከፈለውም ያልከፈለውም ደጅ እኩል ወለል ብሎ ሲደምቅ፣
ሐጂ ወንበር አወጡ። በእኛ ብር ጋዜጣቸውን አነበቡ።
ጥርሳችንን ነከስን። ቢሆንም፣ እስከ ሦስት ሰዓት ሱቃቸው ስላልተዘጋ
ተማሪዎች ደብተር ሊገዙ መጡ፤ ሰው ሰውን ጠራ፣ ሳቅም ተሰማ በአደባባዩ ጋ።

አሁን ደግሞ የማልወደውን ልናገር።
ደንባችን ሰባተኛው ተራ ላይ፣ በእኔው እጅ ጽሑፍ፣
"መሬት ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ይነሣ ከየደጃፍ"
ይላል። ፈርመናል። ሲጻፍ ንጹሕ ዓረፍተ ነገር ነበር፤
ወሰኔ የሚባል ስም አልነበረበትም፣ ለውዝም አልነበር።

ወሰኔ፣ ከቅስቱ ማዶ፣ ለውዝ በስኒ የምትሰፍር፣
በውሾቹ ዘመን እንኳን ከኔ ጋር ያመሸች በአንዲት ፋኖስ ዳር።
ዘበኛው ሊያነሣት ሲሄድ፣ ቀድማው ወደ እኔ መጣች፤
ከመቀነቷ የታጠፈ ብር ፈትታ
ከቆሙት ሰዓቶች መሃል አስቀመጠች።
"በር የለኝም" አለች። "ስፋት ግን አለኝ። ለኩኝ።"

ተማም ሜትሩን ይዞ ቆመ፤ የት ይጀምር? የት ይጨርስ?
በር መቃን አለው፤ ማዳበሪያ ግን ጫፉ የተተለተለ፣
ነፋስ ሲመጣ የሚታጠፍ፣ ሲሄድ የሚመለስ።
ተንበረከከ። ለካ።
ሰባ ሳንቲ ሜትር፣ ከትንሽ ክር።

ሰባተኛውን ተራ እስካሁን አልሰረዝነውም፤ ስብሰባ ይጠይቃል።
ሸምሲያ "ይታሰብበት" አለች፤
አንዲት ሳንቲም ያልከፈሉት ሐጂ "ደንብ ደንብ ነው" ይላሉ።
እኔ ግን ያን ማታ፣ መብራቱ ሥር፣ መነጽሬን ወልውዬ ጻፍኩ፤
ጥርስ እንደሚፈታ ሰው እጄን ጠበቅ አደረግኩ፦

ደረሰኝ ቁጥር አርባ አንድ።
ከወይዘሮ ወሰኔ ሻንቆ።
በር፦ የለም።
ስፋት፦ አንድ ማዳበሪያ።
ተከፍሏል።

ካርቦኑን ገለጥኩ፤
ቅጂውም ላይ ወጥቷል።